ሞተር በጀልባ ሆድ ውስጥ፦ የመቀመጫው ሥራ ታሪክ

ስለ ሞተር ጀልባ ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን ለሞተሩ ይሰጣሉ፤ ማን እንደ ፈለሰፈው፣ የፈረስ ጉልበቱ ስንት እንደ ነበረ፣ ጀልባዋ በሰዓት ምን ያህል እንደ ሮጠች በዝርዝር ይተርካሉ፤ ሞተሩ በምን ላይ እንደ ተቀመጠና በምን እንደ ታሰረ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ይህ ልማድ የሙያውን ዋና ችግር ሸፍኖ አቆይቷል። ሞተር ግትር የብረት ክምር ሲሆን፣ ጀልባ፣ በተለይም የእንጨት ጀልባ፣ ማዕበል ከፍ ዝቅ ባደረጋት ቁጥር የምትለምጥ፣ ውሃ ስትጠጣ የምታብጥና ስትደርቅ የምትኮማተር አካል ናት፤ እነዚህን ሁለት ባሕርያት ሳይጎዳዱ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ሞተሩን ከመፈልሰፍ ያላነሰ ጊዜ ጠይቋል፤ የተገኘውም መፍትሔ በአብዛኛው የጀልባ ሠሪዎችና የዓሣ አጥማጆች የእጅ ሥራ ውጤት ነው።

እዚህ የሚወሳው ሞተር ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ውጭ ከሚንጠለጠለው ሞተር የተለየ ነው። የውስጥ ሞተር የሚባለው በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ኃይሉን በረጅም ዘንግ አማካይነት ወደ ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን ወደ ኋላ ወደሚገፋው ባለ ክንፍ መዘውር፣ የሚያስተላልፈው ነው። እንዲህ የተቀመጠ ሞተር በቀፎው ላይ፣ ይኸውም ውሃውን በሚነካው የጀልባዋ ገላ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ጫና ያሳርፋል፤ ክብደቱ ወደ ታች ይጫናል፣ የፒስተኖቹ ምልልስና የዘንጉ ሽክርክር ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ያናውጠዋል፣ ፕሮፔለሩ ውሃውን ሲገፋ የሚያገኘው የመልስ ግፊት ደግሞ በዘንጉ በኩል ወደ ፊት ይመጣል። ጀልባዋን የሚያስኬዳት ይህ ሦስተኛው ግፊት ነው፤ ግፊቱን ከዘንጉ ተቀብሎ ለቀፎው የሚያስረክበው ክፍል በልኩ ካልተሠራ ሞተሩ ራሱን ከመቀመጫው ለመንቀል ይሠራል።

በእንፋሎት መርከቦች የመጀመሪያ ዘመን ይህ ሦስተኛው ጫና በዚህ መልኩ አልነበረም። ሮበርት ፉልተን በ1807 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከኒው ዮርክ ወደ ኦልባኒ በሃድሰን ወንዝ ላይ ያስኬዳት መርከብ በግራና በቀኝ በተተከሉ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች የምትነዳ በመሆኗ፣ ግፊቱ መንኮራኩሮቹን በሚሸከመው አግዳሚ ዘንግ ኩሽኔታዎች፣ ማለትም ዘንጉ በሚሽከረከርባቸው መደገፊያዎች፣ በኩል በቀጥታ ወደ መርከቧ ጎኖች ይደርስ ነበር። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝና ጆን ኤሪክሰን በ1836 በየፊናቸው የፕሮፔለር ፓተንት ካገኙ በኋላ ግን ዘንጉ በመርከቧ ርዝመት ላይ ተኛ፣ ግፊቱም በዘንጉ ጫፍ በኩል ወደ ሞተሩ መጣ። የመርከብ መሐንዲሶች ይህን ለመቋቋም በዘንጉ ላይ ቀለበቶች አውጥተው፣ ቀለበቶቹ የሚደገፉበትን ከባድ የብረት ሳጥን ከመርከቧ ወለል ጋር አሰሩ፤ ይህም ግፊት ተቀባይ ኩሽኔታ ተባለ። ዘንጉ ከመርከቧ በሚወጣበት ቦታ ይደርስ የነበረውን ፈጣን መበላት ደግሞ ጆን ፔን በ1854 ሊግነም ቪቴ በሚባል እጅግ ጠንካራና ቅባታም እንጨት በተሠራና በውሃ በሚለሰልስ ኩሽኔታ አቃለለው። ታላላቆቹ መርከቦች በዚህ መንገድ ችግራቸውን ፈቱ፤ ቦታም፣ ብረትም፣ ገንዘብም ነበራቸው።

ትንሿ ጀልባ ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በቴምዝ ወንዝ ላይ ይመላለሱ የነበሩት ቀጫጭን የእንፋሎት ጀልባዎች ለፍጥነት ሲባል ስስ ሳንቃ ይለብሱ ስለ ነበር፣ የሞተሩ ንዝረት የሳንቃዎቹን መገጣጠሚያ እያላላ ውሃ ያስገባ ነበር። እንግሊዛዊው ጀልባ ሠሪ ሳም ሳንደርስ ለዚህ ያገኘው መልስ ከሁሉም የሚያስገርመው ነው፤ አራት ስስ የማሆጋኒ ንብርብሮችን በመካከላቸው ውሃ የማያስገባ ጨርቅ እያነጠፈ ከደራረበ በኋላ በመዳብ ሽቦ ሰፋቸው። በ1898 የተሠራችው የዚህ ዓይነት ጀልባ ኮንሱታ ተብላ ስትጠራ፣ በቀዘፋ ውድድሮች ላይ ዳኞችን ይዛ ቀዛፊዎቹን ሳታናውጥ እንድትከተል ታስባ ነበር። ሳንደርስ ቀፎው ሞተሩን ተቋቁሞ እንዲገትር አልፈለገም፤ ቢለምጥም የማይከፈት ቀፎ ሠራ። ይህ አስተሳሰብ ወደ ሞተሩ መቀመጫ እስኪደርስ ድረስ ሌላ ሠላሳ ዓመት ማለፉ ከታሪኩ አስተማሪ ክፍሎች አንዱ ነው።

ቤንዚን ወደ ጀልባ የገባው ከአውቶሞቢል ጋር በአንድ ዓመት ነው። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1886 በካንሽታት አጠገብ በኔካር ወንዝ ላይ የሞከሯት ጀልባ ርዝመቷ 4.5 ሜትር ሲሆን፣ የያዘችው ቀጥ ብሎ የቆመ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ጉልበቱ አንድ ፈረስ ገደማ ነበር፤ ዳይምለር በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሞተርን ከጀልባ ዘንግ ጋር ስለ ማገናኘት ፓተንት አስመዘገበ። ለተወሰኑ ዓመታት የዳይምለር ሞተሮች ዋነኛ ገበያ ጀልባ ነበር፤ ምክንያቱም ወንዝ እንደዚያ ዘመን መንገድ ጉድጓድ አልነበረውም፣ ሞተሩን ማቀዝቀዣ የሚሆን ውሃም በዙሪያው ሞልቷል። ደንበኞች ቤንዚን እንዳይፈነዳ ይፈሩ ስለ ነበር ዳይምለር ሞተሩን ሸፍኖ በዘይትና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው ይላቸው እንደ ነበር ይተረካል። በአንድ ፈረስ ጉልበት የምትነዳ ጀልባ ስለ መቀመጫ ብዙ አታስጨንቅም፤ ጭንቀቱ የጀመረው ሞተሩ ወደ ባሕር ሲወርድና በመቅዘፊያና በሸራ ለሚሄዱ አሮጌ ጀልባዎች ሲገጠም ነው።

ይህ የሆነው በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻ ነው። በአይስላንድ፣ በኢሳፍዮርዱር ከተማ፣ በ1902 ስታንሊ የምትባል ባለ ስድስት መቅዘፊያ ክፍት ጀልባ ከዴንማርክ ኤስቢየር ከተማ የመጣ፣ የሞለሩፕ ፋብሪካ የሠራው ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ሞተር ተገጠመላት፤ የአገሪቱ የሞተር ዓሣ ማጥመድ ታሪክም የሚቆጠረው ከእርሷ ነው። በካናዳ በኩል በኖቫ ስኮሺያ የሉነንበርግ ፋውንድሪ አትላንቲክ የሚባለውን፣ በብሪጅዎተር የሚገኘው የአካዲያ ፋብሪካ ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እየሠሩ ለአካባቢውና ለኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ይሸጡ ጀመር። እነዚህ ሞተሮች ካንዴላ አልነበራቸውም፤ ብልጭታው የሚፈጠረው በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉ ሁለት የብረት ነጥቦች ተነካክተው ሲለያዩ ነበር። የማርሽ ሳጥን፣ በመካኒኮች ቋንቋ ካምቢዮ፣ የሌላቸውም ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ ነጂው ወደ ኋላ ለመሄድ ሲፈልግ ብልጭታውን ያቋርጥና ሞተሩ ሊቆም ሲል መልሶ በማቀጣጠል በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞር ያደርገው ነበር። ለመቀመጫው ይህ ማለት ወደ ፊት ሲገፋ የቆየው ኃይል በቅጽበት ወደ ኋላ ይጎትታል ማለት ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ የተደገፈ ሞተር በዚህ ጊዜ ብሎኖቹን ይዞ ይነቃነቃል።

ዓሣ አጥማጁ ሞተሩን የሚያሳርፍበት ጀልባ ለዚህ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። የጀልባዋ አጥንት ከሥር በርዝመቷ የተኛው አከርካሪ ግንድና ከእርሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወጡት ጎድኖች ናቸው፤ በጎድኖቹ ላይ ሳንቃዎች ይመታሉ፣ በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በቃጫና በቅጥራን ይደፈናል። ሞተሩ በሁለት ሦስት ጎድኖች ላይ ብቻ ቢታሰር፣ ከአከርካሪው ጎን ያለው የመጀመሪያው ሳንቃ መገጣጠሚያ በንዝረቱ ተፍቆ ይከፈታል፤ ያውም መገጣጠሚያው ከሞተሩ በታች ስለሚሆን ለማየትም ለመድፈንም አይመችም። ስለዚህ ጀልባ ሠሪዎች ከሞተሩ ግራና ቀኝ በጀልባዋ ርዝመት የሚተኙ ሁለት ወፋፍራም የኦክ ጠርቦችን አስገቡ፤ ጠርቦቹ ከሞተሩ ርዝመት ሁለትና ሦስት እጥፍ እንዲረዝሙ ተደርገው፣ በሚያልፉባቸው ጎድኖችና አግዳሚዎች ልክ እየተነቀሱ ተቀመጡ፤ ብሎኖቹም እንጨቱን በስተው ከማዶው በሮንዴላና በዳዶ ታሰሩ። የእነዚህ ጠርቦች ሥራ ሞተሩን ከመያዝ ይልቅ የሞተሩን ጫና ወደ ብዙ ጎድኖች ማከፋፈል ነበር፤ የመቀመጫ ጥበብ በአጭሩ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንጨቱና ብረቱ ከታሰሩ በኋላም ሰላም አልነበራቸውም። የኦክ እንጨት በውስጡ ያለው አሲድ ብረትን ይበላል፣ የሚዝገው ብረትም በዙሪያው ያለውን እንጨት ያጠቁረዋል፣ ያደክመዋልም፤ በዚህ ምክንያት ጥብቅ የነበረ ብሎን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። አቅም ያለው የነሐስ ብሎን አስገባ፤ አቅም የሌለው በየክረምቱ ዳዶዎቹን ማጥበቅ ሥራው ሆነ። ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ዘይት ደግሞ ጠርቦቹን እያራሰ ስላለሰለሳቸው፣ ከሞተሩ ሥር የዘይት መቀበያ ትሪ ማስቀመጥ በኋላ የተለመደ ሆነ። የዘንጉን ቀዳዳ መብሳትም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ጀልባ ሠሪው በረጅም መሠርሠሪያ የጀልባዋን የኋላ ግንድ ሲበሳ፣ የቀዳዳው መስመር ከሞተሩ ዘንግ መስመር ጋር መግጠም ነበረበት፤ ትንሽ ከሳተ ሞተሩን ያን ያህል ማዘንበል ወይም ግንዱን መለወጥ ግድ ይሆናል።

የመስመር ነገር ከተነሳ የሙያው ረቂቅ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የሞተሩ ዘንግና የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚገናኙት ፍላንጅ በሚባሉ ሁለት ክብ የብረት ገጾች ነው፤ ገጾቹ ፊት ለፊት ገጥመው በብሎን ይታሰራሉ። ዘንጎቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ፣ በእያንዳንዱ ዙር ዘንጉ እየተለመጠ ኩሽኔታዎቹን ይበላል፣ ውሃ የሚከለክለውን ማሸጊያ ያሰፋል፣ በመጨረሻም ዘንጉ ራሱ በድካም ይሰበራል። ስለዚህ ሠራተኛው መጀመሪያ በዘንጉ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ ወጥሮ የመቀመጫውን ከፍታ በእርሱ ይለካል፤ ሞተሩን ካስቀመጠ በኋላም ፍላንጆቹን አቀራርቦ በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ውፍረታቸው በሚታወቅ ስስ የብረት ቅጠሎች ይመዝናል። በሙያው የቆየው ልክ ልዩነቱ ከፍላንጁ ስፋት አንድ ሺህኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ፍላንጁ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም። ልዩነት ሲገኝ በሞተሩ እግር ሥር ስስ የናስ ንጣፍ ይገባል ወይም ይወጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጀልባዋ መሬት ላይ ቆማ ከተደረገ ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። በድጋፍ ላይ የቆመች የእንጨት ጀልባ ክብደቷ በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ ቅርጿ ውሃ ላይ ከምትይዘው ይለያል፤ ወደ ውሃ ስትገባ ደግሞ ሳንቃዎቿ ውሃ ጠጥተው እስኪያብጡ ድረስ ቀስ በቀስ ትለወጣለች። የቆዩ ሠራተኞች የመጨረሻውን ልኬት ጀልባዋ ጥቂት ቀናት ውሃ ላይ ከሰነበተች በኋላ፣ ነዳጇና ዕቃዋም በቦታው ተጭኖ ሳለ የሚወስዱት ለዚህ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ምንም ያህል በትክክል ቢሠራው፣ የሚቀመጥበት ነገር ልኩን በየወቅቱ የሚለዋውጥ መሆኑን መቀበል ነበረበት።

ፍጥነት ወዳዶች በበኩላቸው ጥያቄውን ከሌላ ጫፍ ያዙት። በ1903 በአየርላንድ ኮርክ ወደብ በተደረገው የመጀመሪያው የሃርምስወርዝ ዋንጫ ያሸነፈችው ናፒየር የተባለችው ጀልባ በሰዓት 19 ማይል ተኩል ገደማ ሮጣ ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ አሜሪካዊው ጋር ዉድ ይህንኑ ዋንጫ ሲወስድ የነዳት ሚስ አሜሪካ ሁለት የሊበርቲ ሞተሮች ተሸክማ በሰዓት ከ60 ማይል በላይ ሄደች። ሊበርቲ በ1917 ለአውሮፕላን የተነደፈ፣ እያንዳንዱ 400 ፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተረፈው በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ ክልከላ በነበረበት ዘመን ኮንትሮባንድ አስመጪዎችም ይህንኑ ሞተር በጀልባቸው ይገጥሙ ነበር። የአውሮፕላን ሞተር ገላው ቀላል አሉሚኒየም ስለ ሆነ፣ መቀመጫው ቢጣመም እንደ ዓሣ አጥማጁ ከባድ የብረት ሞተር ተቋቁሞ አይቀመጥም፤ ይሰነጠቃል። ማዕበል ላይ እየዘለለ የሚወርድ ቀፎ ደግሞ ጠርቦቹን ይበልጥ ያጣምማል። የፈጣን ጀልባ ሠሪዎች የሞተር ጠርቦችን ከፊት እስከ ኋላ ግድግዳ ድረስ እያስረዘሙ የጀልባዋ ዋና አጥንት አደረጓቸው፤ በዚህም ለሞተር ተብሎ የተጨመረው ክፍል ጀልባዋ የምትሠራበት መነሻ ሆነ። ጋር ዉድ በ1932 አራት የፓካርድ ሞተሮችን በያዘችው ሚስ አሜሪካ አሥረኛ በሰዓት ከ124 ማይል በላይ የሄደው በእንዲህ ያለ አሠራር ነው።

እስከዚህ ድረስ የሁሉም ጥረት ማጥበቅ ነበር። አቅጣጫውን የለወጠው ጎማ ነው፤ የመጣውም ከመኪና ፋብሪካ ነው። ቻርልስ ጉድይር ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴውን በ1844 በፓተንት ቢያስመዘግብም፣ ጎማ ከብረት ጋር ሳይላቀቅ የሚጣበቅበት አስተማማኝ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ሞተር መሸከሚያ ሊሆን አልቻለም። ክራይስለር በ1931 በፕሊማውዝ መኪናው ላይ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩን በጎማ ሱፖርት፣ ማለትም በጎማ መደገፊያ፣ ላይ አንሳፍፎ ሲያቀርብ፣ ሞተሩ በክብደቱ ማዕከል መስመር ላይ በነፃነት እንዲወዛወዝ ተደርጎ ስለ ነበር ንዝረቱ ወደ መኪናው ገላ ሳይደርስ ቀረ፤ ሲትሮኤን በማግስቱ ዓመት ፈቃዱን ገዛ። ጀልባ ሠሪዎች ሐሳቡን ለመቀበል የዘገዩት በወግ አጥባቂነት ብቻ አይደለም። መኪና ላይ ሱፖርቱ የሚሸከመው ክብደትና ንዝረት ሲሆን፣ ጀልባ ላይ ግን የፕሮፔለሩ ግፊት በሙሉ በእነዚያው ጎማዎች በኩል ማለፍ አለበት፤ ለንዝረት የለሰለሰ ጎማ በግፊቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ሞተሩ በሸሸ መጠንም ያ በብረት ቅጠል የተለካው መስመር ይበላሻል። የጀልባ ሱፖርት ወደ ላይና ወደ ታች እንዲለሰልስ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን እንዲጠነክር ተደርጎ ለብቻው መነደፍ የነበረበት በዚህ የተነሳ ነው፤ በሁለቱ ዘንጎች መካከልም ትንሽ መንቀሳቀስ የሚፈቅድ መገናኛ ተጨመረ።

ጎማ ለሁሉም ሞተር አይሆንም። ሱፖርት ንዝረትን የሚቀንሰው የንዝረቱ ፍጥነት ሞተሩና ጎማው አንድ ላይ በተፈጥሮ ከሚወዛወዙበት ፍጥነት ከ1.4 እጥፍ በላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ንዝረቱን አይቀንስም፣ ሁለቱ ፍጥነቶች ሲገናኙም ያባብሰዋል። በደቂቃ ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ የሚዞረው የድሮው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በጎማ ላይ ቢቀመጥ ከመቀመጫው ሊዘል ይደርሳል፤ እንዲህ ያሉትን ሞተሮች የሚጠግኑ ሰዎች ዛሬም በጠንካራ እንጨት ላይ በቀጥታ የሚያስሯቸው ለዚህ ነው።

ግፊቱንና ክብደቱን ጨርሶ ማለያየት የተቻለው በ1959 የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ አኳማቲክ የተባለውን አሠራር ለገበያ ሲያወጣ ነው። ሐሳቡ የአሜሪካዊው መሐንዲስ ጂም ዊን ሲሆን፣ ሞተሩ በጀልባዋ ውስጥ ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ፕሮፔለሩን የያዘው ክፍል ግን ከግድግዳው ውጭ ይሆናል፤ የፕሮፔለሩ ግፊት በግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ የሞተሩ ሱፖርቶች ክብደትና ንዝረት ብቻ ይቀራቸዋል። ረጅሙ ዘንግም፣ ቀዳዳውም፣ የመስመር ልኬቱም አብዛኛው ጣጣ በዚህ ቀረ፤ በምትኩ የኋላ ግድግዳው ቀድሞ የማያውቀውን ጫና ተሸከመ።

በዚያው ዘመን ቀፎው ራሱ ተለወጠ። ሬይ ግሪን በ1942 በኦሃዮ ከመስታወት ቃጫና ከፕላስቲክ ሙጫ ጀልባ ከሠራ በኋላ፣ ፋይበርግላስ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንጨትን ከትናንሽ ጀልባዎች ገበያ ገፋው። አዲሱ ቀፎ አያብጥም፣ አይኮማተርም፣ መገጣጠሚያም የለውም፤ ሆኖም ስስ በመሆኑ ሞተሩን ብቻውን አይሸከምም፤ ስለዚህ የቆዩት ጠርቦች በፋይበርግላስ ተጠቅልለው ተመለሱ። ፋብሪካዎች ለፍጥነት ሲሉ የሞተሩን እግር ከላይ ወደ ጠርቡ በሚነዳ ወፍራም ቪቴ ማሰር ልማድ አደረጉ፤ በብሎንና በዳዶ የማሰሩ አሮጌ ሥርዓትም ተዘነጋ። ቪቴው የበሳው ቀዳዳ ከሞተሩ ሥር ለሚጠራቀመው ውሃ መግቢያ ሆነ፤ የገባው ውሃ በፋይበርግላሱ ስለ ተሸፈነ አይደርቅም፣ እንጨቱም ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ይበሰብሳል። ጀልባዋ ጤነኛ መስላ ሳለ ቪቴው በእጅ ሲዞር መጨረሻ የሌለው ሆኖ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። የዛሬ ጠጋኞች የበሰበሰውን ቆርጠው ካወጡ በኋላ አዲሱን ጠርብ ሲያስገቡ፣ በጎኑ ላይ ወፍራም የብረት ማዕዘን አስጠግተው ከግራ ወደ ቀኝ በሚበሳ ብሎን ያስሩታል፤ ቀዳዳውንም አስቀድመው አስፍተው በኢፖክሲ ሙጫ ከሞሉ በኋላ መልሰው በልኩ ይበሱታል፣ ውሃው ብሎኑን ተከትሎ ቢወርድ እንኳ እንጨቱን እንዳያገኘው።